ያልተቃወመ እንደተስማማ

ጠዋት ጠዋት ስልኩ ይጠይቃል፤ ሰው ይመልሳል። ስልኩ "አለሽ?" ይላል፣ ሴትዮዋ "አለሁ" ትላለች። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠው፣ ማሞቂያው የሚነሳው፣ በሩ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከዚህች ቃል በፊት ሌላ ቃል ተናግሮ ቀኑን የሚጀምር ሰው የለም። ባልና ሚስት እንኳ መጀመሪያ ለየስልካቸው "አለሁ" ይሉና ከዚያ ነው ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ የሚባባሉት።

ትርሲት በየጠዋቱ ሁለት ስልክ ታናግራለች፤ የራሷንና የአባቷን። አባቷ አቶ ደምረው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከረጋ ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከአፋቸው የሚወጣውም ድምፅ ቃል አይሆንም። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ሳሉ ከጅቡቲ መንገድ የላኩላት የድምፅ መልእክት ስልኳ ውስጥ ቀርቶ ነበር። "አለሁ ልጄ፣ ሚሌ ደርሻለሁ" ይላል። ትርሲት የመጀመሪያዋን ቃል ቆርጣ አወጣች። የአባቷ ስልክ "አለህ?" ሲል የራሷን ስልክ አስጠግታ ያንን ታሰማዋለች። (ስልኩ ትልቅ ሰው ትንሽ ሰው ብሎ አይለይም፤ ወንዱን ሁሉ አንተ ነው የሚለው።) ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመድኃኒት ሳጥን ጠቅ ብሎ ይከፈትና የዕለቱን የደም ማቅጠኛ ክኒን ያወጣል። አቶ ደምረው የጎልማሳነት ድምፃቸውን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ትርሲት የምትሠራው ወንፈል የሚባል ድርጅት ውስጥ ነው። ወንፈል የሰርቨር ሶፍትዌር ይሠራል፤ የቀበሌው፣ የሆስፒታሉ፣ የውሃው፣ የአውቶቡሱ፣ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ሁሉ እላዩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሮጠው። ድርጅቱ ወደዚህ ከተማ የመጣው ብርዱን ፈልጎ ነው፤ ማሽኖቹ ሙቀት አይወዱም። ሶፍትዌሩን በነጻ ይሰጣል። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ቅጂ ይወስዳል። ለውጥ የሚያቀርቡት ፊርማ ያላቸው ጥቂት ባለሙያዎች ቢሆኑም መቃወም የሁሉም መብት ነው። የቀረበ ለውጥ ለሦስት ቀን በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ይወጣል። አንድ ሰው በስሙ ከተቃወመና ሌላ አንድ ሰው በስሙ ከደገፈው ለውጡ ይወድቃል። ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ደንቡን የጻፉት የመጀመሪያዎቹ ኮድ ጸሐፊዎች ናቸው። ጥቂት ነበሩ፣ ሁሉም ሁሉን ያውቅ ነበር፤ ያልጣማቸውን ነገር አልጣመኝም ለማለት አፍታ አይወስድባቸውም ነበር አሉ። ከዚያ ደንቡ ከሶፍትዌሩ ጋር ተጠቅልሎ ቀበሌ ገባ። ከተማው በዚህ መንገድ መተዳደር ከጀመረ ወዲህ አንድም ለውጥ ወድቆ አያውቅም።

ሰው ስለተስማማ አይደለም። ሰውማ ያጉረመርማል። ታክሲ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ለቅሶ ቤት ያጉረመርማል፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ያማክራል። ስሙን አስጽፎ እምቢ የሚል ግን የለም። ምን ይሉኛል? እኔ ከሰው በምን እበልጣለሁ? የተቃወመ ሰው አይታሰርም፤ አይቀጣምም። ስሙ ብቻ ከለውጡ ሥር "ተቃዋሚ" ከሚለው ቃል አጠገብ ለሁልጊዜ ይቀመጣል። ይህ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ የአዲሱ ለውጥ ማሳወቂያ ሁሉም ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋው። የጃኬት እጅጌ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ሹክሹክታ ከፊት እስከ ኋላ አለፈ። ትርሲትም ልትገፋው ጣቷን አንስታ ነበር። "ድምፅ" የሚል ቃል ዓይኗ ውስጥ ገባ።

"ምላሽን ስለማጥራት። የተቀዳ ድምፅና የሌላ ሰው ድምፅ እንደ ምላሽ አይቆጠርም። በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ጊዜ 'አለሁ' ያላለ ከአገልግሎት ይነሳል። አቅራቢ፦ ምናሴ ወልደሰንበት።"

ምናሴ ወልደሰንበት አለቃዋ ነው።

እንደገና አነበበችው። ከአጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ወደ ስልኳ አንገታቸውን አሰገጉ፣ ምን እያነበበች እንደሆነ አዩና ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። የሚያነብ ሰው አጠገብ መቀመጥም ትንሽ ያሳፍራል።

መነሳት ምን እንደሆነ ትርሲት ከማንም የተሻለ ታውቃለች። ሥራዋ ድጋፍ ክፍል ስልክ ማንሳት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የምትሰማው የተነሱ ሰዎችን ነው። ሥራዋ ባይሆን እንኳ እትዬ ውድነሽ አሉ።

እትዬ ውድነሽ የፊት ለፊት ጎረቤት ነበሩ። አምና ለወገባቸው ፀበል ገቡ። ፀበሉ ቦታ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሱባኤያቸውን ጨርሰው፣ ወገባቸው ቀንቶ፣ እንደ ልጃገረድ እየተራመዱ ተመለሱ። የቤታቸው በር ግን አልከፈት አላቸው። ለተከታታይ ቀናት "አለሁ" ያላለ ሰው እንዲነሳ የሚለው ለውጥ እሳቸው ፀበል ሳሉ አልፏል። ትርሲትም ያንን እንደ ሰው ሁሉ በአውራ ጣቷ ነው ያሳለፈችው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ውድነሽ የሚኖሩት ኮሪደሩ ላይ ነው። በርጩማ አላቸው። ሊፍት ውስጥ ብቻቸውን ሲገቡ ሊፍቱ ባዶ ነኝ ብሎ ስለሚቆም ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ከሕንፃው ሲወጡም ሲገቡም ከሰው ኋላ ተጠግተው ነው። የሚከለክላቸው የለም። ሁሉም "እንዴት አደሩ እትዬ ውድነሽ" ይላል፤ ሁሉም የቻለውን ያበላቸዋል፤ ብርዱ ሲጠና ጋቢ የሚደርብላቸው አላጡም። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሹፌር የሌለው መኪና ለጥቂት ሳታቸው። መኪናው ፍሬን እንኳ አልያዘም፤ አላያቸውም።

ትርሲት አባቷን በበርጩማ ላይ አሰበቻቸው። በርጩማ ላይ መቀመጥ እንኳ አይችሉም።

ቢሮ እንደደረሰች ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቃውሞዋን ጻፈች። አጭር ነበር፦ "መናገር የማይችል ሰው አለ። አባቴ አለ።" ላከችው። በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ያሉት ስልኮች በአንድ ጊዜ ጮኹ።

"ተቃዋሚ፦ ትርሲት ደምረው። ደጋፊ፦ የለም።"

 ስልክ እያናገሩ የነበሩት እንኳ አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ጨርሰው ቀጣዩን ረሱት። ከዚያ ሁሉም በጣም ሥራ የበዛበት ሰው ሆነ።

ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ጓደኛዋ ረድኤት ተከትላት ወጣች። በሩን ዘጋችና እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት።

"ጎሽ! አንጀቴን ነው ያራስሽው! ይኼ ሰውዬ አበዛው እኮ።"

"ታዲያ ደግፊኝ።"

"እንዴታ! እደግፍሻለሁ እንጂ።"

"አሁን። ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው።"

ረድኤት ስልኳን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ አየችው። "አሁንማ አብረን ወጥተን… ተማክረው ነው አይሉም? ከሰዓት፣ ቀስ ብዬ። እሺ።"

"ረድኤት።"

"እሺ አልኩሽ እኮ ትርሲትዬ! ምነው፣ አታምኚኝም?"

አቶ ምናሴ ቢሯቸው ውስጥ ቆመው ነበር የጠበቋት። ወንበር ሳቡላት። ሻይ ይምጣልሽ ወይ አሉ። ስለ አባቷ ጤና ጠየቁ፤ ስማቸውን ሳይቀር ያስታውሳሉ።

"ያን ለውጥ ያቀረቡት እርስዎ ነዎት" አለች።

"ስሜ ነው ያለበት፣ አዎ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ራሴ እኮ አልወደድኩትም። ከላይ 'አንድ ሰው ያቅርበው' አሉ። ስብሰባው ላይ ሁሉም መሬት መሬት ሲያይ እኔ ላይ ዓይናቸው አረፈ። ፊት ለፊት እምቢ ልበል?"

"ለምን አይሉም?"

"አየሽ፣ አንቺ ገና ወጣት ነሽ።" ፈገግ አሉ። "ደግሞ እኮ አስቤበታለሁ። ይኼ ነገር ግልጽ ግፍ ነው፣ አንድ ሰው ይቃወመዋል፣ አንድ ሰው ይደግፈዋል፣ ይወድቃል አልኩ። እኔም ከሰው ሳልጣላ፣ እሱም ሳያልፍ።"

"አንዱ ሰው እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ። ጎበዝ።"

"እንግዲያው ያንሱት።"

"ባነሳው ምን ይሉኛል? አቅርብ ተብዬ፣ እሺ ብዬ?"

"እሺ፣ ካላነሱት ይደግፉኝ። ሁለተኛው ሰው ይሁኑ።"

አቶ ምናሴ የእውነት ሳቁ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ። "በራሴ ሐሳብ ላይ?" ከዚያ ፊቷን አዩና ሳቁን ዋጡት። ተነስተው ትከሻዋን ያዙ። "አይዞሽ። እኔ ሰው አናግርልሻለሁ። እሺ? እሺ።"

ማታ ሐዋሳ ላለው ወንድሟ ደወለች። ናሆም ከእሷ ይበልጣል፤ ሐዋሳም ወንፈል ላይ ስላለች ለውጡ እሱም ስልክ ላይ ወጥቷል፤ ገና "አቤት" ሲል አውቆት እንደነበር ገባት።

"አንቺ ደግሞ ስምሽን ለምን ታወጫለሽ? ዝም ብለሽ ቤት ውስጥ አትንከባከቢውም?"

"በምን? ሳጥኑ ካልተከፈተ በምን?"

"እሱስ ልክ ነሽ።"

"አባዬ ነው፣ ናሆም።"

"አባዬ መሆኑን መቼ አጣሁት!" ከኋላው ልጆቹ ይጮሃሉ። "ግን አስቢው፣ ሁለታችንም አንድ ቤት፣ የአባት ስም አንድ ዓይነት… ለራሳቸው ነው ይባላል። ባዕድ ሰው ቢደግፍሽ ነው የሚያምረው። ካልተገኘ እኔ አለሁ። እሺ፣ እሺ፣ አየዋለሁ።"

ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ በሕንፃው ውስጥ በር በበር ዞረች። ሁሉም በሩን ከፈተ። ማንም ውጪ አላስቆማትም፤ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ምን ይቅረብልሽ ተባለች። አራተኛ ፎቅ ያለችው የሒሳብ አስተማሪ አልቅሳ አቀፈቻት። የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር ደግሞ፣ አቶ ደምረው መኪናቸውን አስነስተው ሚስቱን በምጥ ሰዓት ሆስፒታል ያደረሱበትን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላት፤ ሲጨርስ "ታዲያ ለእሳቸው ያልሆነ ስም ለማን ሊሆን ነው?" አላት። እሺ ያላላት ሰው አልነበረም። እምቢ ቢሏት ኖሮ ሌላ ቦታ ትሄድ ነበር፤ እሺ ስላሏት ቤቷ ገብታ ጠበቀች።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ትንሽ ቆይታ ገለበጠችው። ደጋፊ፦ የለም። ራት ሠርታ አባቷን አጎረሰቻቸው። ግማሹ በቀኝ ከንፈራቸው በኩል ይመለሳል። በጨርቅ ስትጠርግላቸው ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር። ሰምተዋል ማለት ነው። መናገር አቃታቸው እንጂ መስማት አላቃታቸውም፤ ይህን እሷም ብዙ ጊዜ ትረሳዋለች።

"አይዞህ አባዬ" አለች። ወዲያው ቃሉን ጠላችው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ያላት እሱን ነው።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። ረድኤት ሥራ አልመጣችም፤ አሟት ነው ተባለ። አቶ ምናሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የናሆም ስልክ አይነሳም። ትርሲት ራሷ ደግሞ ስልክ ማንሳት ነበረባት። የተነሱ ሰዎች ከሰው ስልክ ለምነው እየደወሉ ነበር፤ በሩ፣ ውሃው፣ ሚስቴ፣ ትምህርት ቤቱ። ለሁሉም ድርጅቱ ያስጠናትን ዓረፍተ ነገር አለች፦ "ኮዱ ክፍት ነው። ካልተስማማዎት ቅጂ ወስደው የራስዎን ማቋቋም ይችላሉ። ስለደወሉ እናመሰግናለን።" አንዱ ሽማግሌ "የራሴን ምን?" ብለው ጠየቋት። ዓረፍተ ነገሩን ደገመችላቸው።

አመሻሽ ላይ ከሊፍቱ ስትወጣ እትዬ ውድነሽ ከበርጩማቸው ተነሱ።

"ሰው አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"እኔን ማን ረሳኝ? እኔ እደግፍሻለሁ።"

ትርሲት ሦስት ቀን ስትለምን እዚህ በር ላይ ማለፏንና እሳቸውን መጠየቅ ለደቂቃ እንኳ ትዝ እንዳላላት አሁን ገና አወቀች።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ…"

"ስልኩን አምጪው ባክሽ። የምለውን አውቃለሁ።"

በሁለት እጃቸው ያዙት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ሰው ቀጥ አሉ። ከዚያ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ድረስ "እኔ ውድነሽ አርጋው፣ የትርሲትን ተቃውሞ እደግፋለሁ!" አሉ። "በዚህች ልጅ አባት ላይ የሚደረገው ግፍ ነው! አልተስማማሁም!"

"ድምፁ አልታወቀም" አለ ስልኩ።

"አልሰማኝም መሰል።" ከበፊቱ አብልጠው ጮኹ። "ውድነሽ አርጋው! እደግፋለሁ!"

"ድምፁ አልታወቀም።"

ከበሮቹ ኋላ የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ ቀነሰ። የአንዱ በር ማያ ቀዳዳ ጨለመ፤ ሰው ቆሞበታል። በሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ ሰማ፤ አራተኛው ፎቅም ሳይሰማ አልቀረም። አንድም በር አልተከፈተም። እትዬ ውድነሽ ስልኩን መለሱላት።

"ሌላ ጊዜ ጆሮው ደህና ነበር" አሉ፤ ተቀመጡ።

ዓርብ ጠዋት የትርሲት ስልክ "አለሽ?" አለ። "አለሁ" አለች። የአባቷን ስልክ አንስታ፣ የተቀዳውን ድምፅ አዘጋጅታ ጠበቀች። እምቢ ይለኛል ብላ ነበር የፈራችው። ድምፁን አይቀበልም፣ ይጮሃል ብላ ነበር።

አልጠየቀም።

ስልኩ እጇ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ቧንቧው ለእሷ ውሃ ሰጠ። ማሞቂያው ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠረና የአባቷን ክፍል አጠፋ። የመድኃኒቱ ሳጥን መብራቱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሳጥኑን በኃይል የከፈተ ሰው የሚያገኘው ዱቄት ነው፤ ስርቆትን ለመከላከል ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። ፋርማሲም የሚሸጠው ለሚታወቅ በሽተኛ ብቻ ነው። አቶ ደምረው ከብርድ ልብሱ ሥር ሆነው ሳጥኑን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

ክሊኒክ ደወለች። ድምፅዋ የሚጥም ልጅ አነሳች።

"የበሽተኛው ስም?"

"ደምረው ይመር።"

"እንደዚህ የሚባል ሰው የለንም እህቴ።"

"አጠገቤ ተኝቷል።"

"ይገባኛል።"

"ደም ማቅጠኛውን ካልወሰደ ደሙ እንደገና ይረጋል፣ ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ። የእናንተው ሐኪም።"

"ይገባኛል እህቴ፣ በእውነት። ምን መሰለሽ፣ ወንፈል ድጋፍ ክፍል ደውይ። ጎበዞች ናቸው ይላሉ።"

ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው መልእክት መግባት ጀመረ። ከጎንሽ ነን። እግዚአብሔር ያበርታሽ። ረድኤት፦ "ትናንት ልደግፍሽ ስል ትኩሳቱ ጣለኝ፣ ራሴን ይቅር አልለውም።" አቶ ምናሴ፦ "የፈለግሽውን ያህል ቀን ዕረፊ፤ ክፍሉ በሙሉ ያስብሻል።" ናሆም የሚያለቅስ ፊት ላከ። የኮሚቴው ሊቀመንበር በር አንኳክቶ ትኩስ ሾርባ በሳህን ሰጣትና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሾርባው ጣፋጭ ነበር።

ትርሲት ሾርባውን እያጎረሰች ሳለ የሥራዋ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ወጣ። አላሰበችበትም፤ ልማድ ነው። "ኮዱ ክፍት ነው። ካልተስማማዎት ቅጂ ወስደው የራስዎን ማቋቋም ይችላሉ።" ማንኪያውን አስቀመጠች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች የምትጠቀምበት ላፕቶፕ አልጋዋ ሥር ነበር። አቧራውን ጠረገችው። የወንፈልን ኮድ ከነሙሉ ነገሩ ለመውሰድ ማንም አልከለከላትም፤ ማንም ለምን አላላትም። እንዲያውም "ስለመረጡን እናመሰግናለን" አለ። የምታውቀው ሥራ ነው፣ የይለፍ ቃሏን ግን ደጋግማ ተሳሳተች። ቅጂው መሥራት ጀመረ። ባዶ ነበር። ሰርቨሩ ላይ የሚታወቅ ሰው የለም፤ አንድ ከተማ ሙሉ ደንብ፣ ነዋሪ የሌለው። የምናሴን ለውጥ ፈልጋ አጠፋችው። በዚህ ቅጂ ላይ ፊርማ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ሦስት ቀን የሚጠብቅላት ሰው የለም። ምላሽ በሚለው ቦታ "አለሁ" የሚለውን ሰርዛ "ማንኛውም ድምፅ" ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው ነዋሪ፦ ደምረው ይመር። ከዚያ የቤቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ላፕቶፑ አዞረቻቸው፤ ማሞቂያውን፣ ሳጥኑን፣ የቤቱን በር። የቤት ውስጥ ዕቃ ለነገሩት ሰርቨር ነው የሚታዘዘው። ከቤቱ በር ውጪ ያለው ነገር አይሰማትም። ሊፍቱ አይሰማትም፣ አምቡላንሱ አይሰማትም። አባቷ ከዚህ በኋላ የሚኖሩት በአንድ ክፍል አገር ውስጥ ነው።

ላፕቶፑ በተሰነጠቀ ድምፅ ማጉያው "አለህ?" አለ።

አቶ ደምረው ወደ ላፕቶፑ ዞሩ። ከበሽታቸው ወዲህ እሳቸውን ማንም ይህን ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚመልሰው የድሮው ድምፃቸው ነበር። አፋቸው ተከፈተ፤ የግራ ጉንጫቸው ተንቀጠቀጠ።

"ኧእ።"

ሳጥኑ ጠቅ አለ። ክኒኑ ወጣ።

ትርሲት መሬቱ ላይ ተቀመጠች።  ክኒኑን ካዋጠቻቸው በኋላ የደንቡን መጨረሻ ማንበብ ትዝ አላት፤ መጨረሻውን ማንም አያነብም። እዚያ እንዲህ ይላል፦ "ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል ቅጂ የግል ነው። ሁለተኛ ሰው የገባበት ቅጂ አገልግሎት ይባላል፤ ለሁሉም ሰው በይፋ ይገለጻል፤ እንዲዘጋም ለውጥ ሊቀርብበት ይችላል።" ይህንን ከቅጂዋ ብትሰርዘው ዋጋ የለውም። የሚቆጥሩት የወንፈል ማሽኖች ናቸው። ቅጂዋን ለመዝጋት የሚያስፈልገው አንድ አቅራቢና የሦስት ቀን ዝምታ ነው። የሰዉን ዝምታ ደግሞ አሁን ታውቀዋለች።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

እትዬ ውድነሽ ነበሩ። በርጩማቸውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለዋል። ፊታቸው ሁሉ ፈክቷል።

"ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁት ልጄ። ጠቅ ሲል! እንዴት አድርገሽ ነው?"

"ቅጂ ወስጄ… የራሴን ሠራሁ።"

"የራስሽን! አይ አንቺ!" ሳቁ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔንስ መጻፍ ይቻላል? ሌላ ምንም አልፈልግም። የቤቴ በር ብቻ ይከፈትልኝ። ልብሴ ሁሉ እዚያ ነው። ፎቶዎቼም።"

ይቻላል። አንድ መስመር ነው። የእሳቸውም በር የቤት ዕቃ ነው፤ ከኮሪደሩ ማዶ ነው ያለው። ትርሲት ወደ ኋላዋ ዞረች። አቶ ደምረው በትራሳቸው ላይ ሆነው፣ የክኒኑ ውሃ አገጫቸው ላይ እንዳለ፣ ያይዋታል። ከዚህ በፊት እንዲህ ትክ ብለው አይተዋት አያውቁም። ምን እያሏት እንደሆነ ልታውቅ አልቻለችም።

እውነቱን ልትናገር አሰበች። አይሆንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው፣ እርስዎ ከገቡ ቅጂውን ይዘጉታል፣ አባቴም አብሮ ይነሳል፣ ልትል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ስትፈልገው የነበረው ይህን ነበር፤ ፊት ለፊት የሚነገር አንድ ቃል። እትዬ ውድነሽ ግን እየጠበቋት ነው። ትናንት በዚህ ኮሪደር ላይ ስሟን የጮኹላት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዴት ብላ ነው እሳቸውን አይሆንም የምትለው?

"እሺ" አለች።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን?"

"አሁንማ አባዬን ላስተኛው። ከሰዓት። ቀስ ብዬ።"

"ከሰዓት፣ አዎ፣ ከሰዓት።"

"እሺ አልኩዎት እኮ እትዬ።"

ድምፅዋን ራሷ ሰማችው። ለስላሳ ነበር፤ የረድኤት ድምፅ ነበር። እትዬ ውድነሽ ግን ምንም አልሰሙበትም። ጎንበስ ብለው አመሰገኗት፤ ያንጠለጠሉትን በርጩማ በራሳቸው በር ፈንታ ከእሷ በር አጠገብ አኖሩት፤ ከሰዓት እንዳያመልጣቸው ብለው ተቀመጡ።

ትርሲት በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው። ከአባቷ ራስጌ አንድ ትራስ ወስዳ፣ ነገ ጠዋት ሲከፈት ወደ ውጪ እንዳይሰማ፣ የመድኃኒቱ ሳጥን ላይ አሰረችበት።